ድንጋይ የሚለቅ ገደልና የሚሰምጥ አስፋልት፦ ጋቢዮኑን ከፍ ማድረግ ይበቃል?

ቆላና ደጋ

ሰላም ለሁላችሁ። ደቡብ ወሎ ደጋው ላይ ስላለ የተራራ መንገድ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ቁርጡ (መንገዱ ሲሠራ የተቆረጠው ገደል) ወደ 14 ሜትር ከፍታ አለው፣ ቀጥ ያለ ነው። ከላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ አንድ ሜትር ገደማ ቀይ አፈር፣ ከዚያ በታች እንደገና ድንጋይ። ዝናብ በጣለ ማግስት ከቀዩ አፈር ውሃ ያነባል፣ ድንጋይም ይወርዳል። ትልቁ አንድ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ከዚያ 60 ሜትር ያህል እልፍ ሲባል ደግሞ በገደሉ በኩል ያለው የአስፋልቱ ግማሽ ሰምጦ እንደ ማጭድ የጎበጠ ስንጥቅ አውጥቷል። እዚያ የቆመው ባለ 3 ሜትር ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሣጥን ድርድር) ሆዱ ተነፍቷል።

ጋቢዮኑን ወደ 5 ሜትር ብናሳድገው ይይዛል? ለድንጋዩስ የሽቦ መረብ ብቻ ይበቃል? ያለን አንድ ኤክስካቫተር፣ አንድ ሎደርና የጉልበት ሠራተኛ ነው፤ ሐምሌ ሳይገባ መሠራት አለበት።

ጦሳ ሥር

ወንድሜ፣ ጋቢዮኑን አታሳድገው። ቦታዎቹ ጎረቤት ይሁኑ እንጂ በሽታቸው ለየቅል ነው። የመጀመሪያው የድንጋይ ናዳ ነው፤ ሁለተኛው ላይ የሚሄደው መሬቱ ራሱ ነው።

የወሎ ደጋ ከተደራረበ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ ነው። በአንዱ ፍሰትና በሚቀጥለው መካከል ረጅም ዘመን ሲያልፍ የፊተኛው ገጽ አፈር ይሆንና በኋላ በመጣው ቅልጥ ድንጋይ ይቀበራል። ያየኸው ቀይ አፈር እሱ ነው። የላይኛው ድንጋይ የተሰነጣጠቀ ስለሆነ የዝናቡን ውሃ ወደ ታች ያሳልፋል፤ ቀዩ አፈር ግን ስለማያሳልፍ ውሃው በላዩ ተንሸራቶ ወደ ፊት ይወጣል፣ ሲወጣም አፈሩን እየጠረገ ነው። ከላይ ያለው ድንጋይ ሥሩ ይቦረቦርና ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከወደቀ በኋላ መረብ ልትዘረጋለት ትችላለህ፤ ሥሩን ካልያዝክለት ግን ገደሉ መልቀቁን አይተውም።

ማጭድ የመሰለው ስንጥቅ የሚንሸራተተው መሬት የላይኛው ጠርዝ ነው። አንድ ኪዩቢክ ሜትር በድንጋይ የተሞላ ጋቢዮን ወደ 1.7 ቶን ይመዝናል። መሠረቱ በሚሄደው አፈር ላይ ከሆነ ከፍታ በጨመርክ ቁጥር መንሸራተቱን በክብደት እያገዝከው ነው።

ከሁሉ በፊት ካስማ ትከል። በስንጥቁ ግራና ቀኝ፣ ከጠርዙ አንድ አንድ ሜትር ርቀህ፣ በሦስት ቦታ ጥንድ ጥንድ አድርገህ። በየካስማው ራስ ላይ ሚስማር ምታና ከሚስማር እስከ ሚስማር ያለውን በሚሊሜትር መዝግብ፦ በደረቅ ጊዜ በሳምንት አንዴ፣ ሲዘንብ በየቀኑ። አንድ ጊዜ 5 ሚሊሜትር ማየትህ ብቻውን ብዙ አይነግርህም። ዛሬ 2፣ ነገ 4፣ ከነገ ወዲያ 9 እያለ ጭማሪው ከሰፋ ግን መንገዱን ዝጋ።

ድጅኖ

ስለ ድንጋዩ እኔ ልመልስ።

መጀመሪያ የላላውን ማውረድ ነው። ሰው በገመድ ታስሮ፣ ከላይ ወደ ታች እየወረደ፣ በድጅኖ እያላቀቀ፤ ትራፊኩ በሁለቱም በኩል ቆሞ። ዝናብ በጣለ ማግስት አይነካም። ከታች ቆማችሁ በኤክስካቫተሩ ባልዲ ቀዩን አፈር እንዳትቆረቁሩት አደራ፤ ከላዩ ያለው ሁሉ ኦፕሬተሩ ላይ ነው የሚመጣው።

ቀጥሎ የድንጋይ መቀበያ ቦይ። ለ14 ሜትር ቀጥ ያለ ቁርጥ የተለመደው ልክ 4.6 ሜትር ስፋትና 1.2 ሜትር ጥልቀት ነው። ቦታው ይህን ያህል ካልሰጠ ባለው ስፋት ቆፍሩና በመንገዱ ጠርዝ ባለ 1 ሜትር ጋቢዮን ደርድሩ። የቦዩ ወለል ላይ ልቅ ጠጠር 30 ሴንቲሜትር አንጥፉ። ወለሉ ኮንክሪት ወይም ደረቅ ዓለት ከሆነ ድንጋዩ ነጥሮ አስፋልቱ ላይ ያርፋል። እስከ ግማሹ የሞላ ቦይም እንደሌለ ቁጠሩት።

መረቡ 80 በ100 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለው፣ ድርብ ጥምዝ፣ 2.7 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዚንክ የተቀባ ሽቦ ይሁን። ከገደሉ አፋፍ ቢያንስ 2 ሜትር ወደ ኋላ፣ በየ2 እና 3 ሜትሩ ብረት ተክላችሁ በኬብል ስቀሉት። ታችኛው ጫፍ አይታሰርም፤ ድንጋዩ ተንሸራቶ ቦዩ ውስጥ እንዲወድቅ ከወለሉ ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ ይንጠልጠል። ብዙ ቦታ ከታችም ያስሩታል፣ ድንጋይ ይጠራቀምበትና ከላይ ይነቀላል።

ይህ መረብ የሚያገለግለው እስከ 60 ሴንቲሜትር ላለው ድንጋይ ነው። የአንድ ሜትሩ 1.4 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ከ14 ሜትር ሲወድቅ ወደ 190 ኪሎጁል ጉልበት ይዞ ይመጣል። እሱን ባለበት ቦታ ማሰር ነው የሚሻለው። 25 ሚሊሜትር ብረት፣ ከ3 እስከ 4 ሜትር ርዝመት፣ ከድንጋዩ ጀርባ ካለው ስንጥቅ አልፎ ቢያንስ 1.5 ሜትር ደህና ድንጋይ ውስጥ የሚገባ። ቀዳዳውን በአየር ንፉ፤ ለአንድ ኩንታል ሲሚንቶ ከ40 እስከ 45 ሊትር ውሃ ብቻ፤ ግራውቱን (የሲሚንቶና የውሃ ቡኩን) በጎማ ቱቦ ከቀዳዳው ጥግ ጀምራችሁ ወደ አፉ ሙሉ። ውሃ ከበዛበት ሲደርቅ ይሸሻል፣ ብረቱም እንደ ላላ ጥርስ ይሆናል።

ቀዩን አፈር 40 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ ጠርቡና በድንጋይ ግንብ ሙሉት። በአንድ ጊዜ ከ2 ሜትር አትለፉ፣ እያፈራረቃችሁ ሥሩ። በየ1.5 ሜትሩ 75 ሚሊሜትር ቱቦ፣ ከጀርባው ጠጠር። ውሃው መውጫ ካጣ ግንቡን ገፍቶ ይጥለዋል።

ቆላና ደጋ

አላህ ይስጥልኝ። አንድ የረሳሁት አለ፦ ከሚሰምጠው ቦታ በላይ ያለው ማሳ ላይ ውሃ የሚያቁር ትሬንች በረድፍ ተቆፍሯል። ክረምት በመጣ ቁጥር ደግሞ ሎደሩ ከመንገዱ የጠረገውን አፈር በገደሉ በኩል ይደፋል።

ቦይ ቀዳጅ

አብሽር፣ ጥያቄህን ራስህ መልሰኸዋል። ትሬንች ለደህና ተራራ ጥሩ ሥራ ነው፤ ዝናቡን ይዞ ወደ መሬት ያሰርገዋል። ከሚንሸራተት መሬት በላይ ሲሆን ግን ያው ውሃ የሚንሸራተትበትን ገጽ ያለሰልሳል። ገበሬዎቹንና የግብርና ባለሙያውን አነጋግር፤ በዚያ ቦታ ብቻ ትሬንቹ ተደፍኖ ውሃውን ወደ ጎን አውጥቶ በሚወስድ ቦይ ይተካ። ከላይኛው ስንጥቅ 5 ሜትር ወደ ኋላ፣ ቢያንስ 2 በመቶ ዘቅዝቆ፣ በግንብ የተለበጠ። ያልተለበጠ ቦይ ውሃውን ሰብስቦ ለስንጥቁ የሚያጠጣ ነው፣ ካለመኖር ይከፋል።

ስንጥቁን በአሸዋ አትሙሉት። ግማሽ ሜትር ቆፍራችሁ ሸክላማ አፈር በየ15 ሴንቲሜትሩ እየጠቀጠቃችሁ፣ ላዩን እንደ ቆብ ጉብ አድርጉት። የሎደሩ አፈር በሚሰምጠው ጫፍ ላይ መደፋቱ ዛሬውኑ ይቁም፤ ጭነት ነው፣ ከመንገዱ ሥር የሚያልፈውን የውሃ ቱቦ መውጫም ይደፍናል። ከታች በኩል ተንሸራቶ የወረደውን አፈርም አትዝቁት፣ እግሩን ይዞ ያቆመው እሱ ነው።

የጋቢዮኑ ሆድ የተነፋው ድንጋዩ በሎደር ስለተገለበጠ፣ የውስጥ ማሰሪያ ሽቦ ስለሌለው ወይም ከኋላው ዋልካ ስለተሞላ ይሆናል። አንዱን ሣጥን ክፈትና ተመልከት፤ ከ10 እስከ 25 ሴንቲሜትር የሆነ ድንጋይ በእጅ ተደርድሮ፣ ባለ 1 ሜትሩ ሣጥን በሲሶና በሁለት ሲሶ ከፍታው ላይ ከፊት እስከ ኋላ በሽቦ መታሰር ነበረበት። እንደገና ስትሠራው ለ3 ሜትር ከፍታ 2 ሜትር የግርጌ ስፋት፣ ወደ ተራራው 6 ዲግሪ ያጋደለ፣ ከጀርባው ጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ) እና ጠጠር። መሠረቱ ከሚንሸራተተው ገጽ በታች ጠንካራ መሬት ላይ ይረፍ። በሙከራ ጉድጓድ 4 ሜትር ወርደህም ካላገኘኸው ጋቢዮን አያድነውም፤ ዲዛይን የሚሠራ የጂኦቴክኒክ (የአፈርና የዓለት ምህንድስና) ባለሙያ ጥራ።

ቬቲቨር ሣር በየ15 ሴንቲሜትሩ ትከሉ፣ ለቦዩ ዳርና ለላይኛው አፈር ይጠቅማል። ሥሩ 3 ሜትር ገደማ ነው የሚወርደው፣ እሱም ከጥቂት ክረምት በኋላ፤ ስለዚህ ዘንድሮ ለሚሰምጠው ቦታ አትቁጠሩት።

ጦሳ ሥር

አንድ ልጨምር፦ ከግርጌው ያለው ምንጭ ድንገት ከደፈረሰ ወይም ዝናብ ሳይጥል አዲስ ምንጭ ከፈለቀ፣ የካስማውን ልኬት ሳትጠብቁ ከሁለቱም ወገን መኪና አቁሙ። የሚያስቆመው ሰው ከስንጥቁ ቢያንስ 100 ሜትር ርቆ፣ ከጠመዝማዛው ወዲህ ይቁም፤ ቁልቁል የሚወርድ የጭነት መኪና ቶሎ አይዝም።