የአውሬው «ምልክት» ምን ዓይነት ቃል ነው? ስለ ራእይ መጽሐፍ አነጋገሮች

ጥያቄ፦
ሰላም ለቤቱ። አንድ ነገር ሁሌ ግራ ይገባኛል። ራእይ 13 ላይ በቀኝ እጅ ወይም በግምባር ስለሚደረገው ምልክት የተጻፈው ቃል በቃል ነው ወይስ አነጋገር? በየጊዜው አንዴ ባርኮድ ነው፣ አንዴ ቺፕ ነው፣ አንዴ ክትባት ነው እየተባለ ይመጣል። ደግሞስ «ስምንተኛው ሺህ» የምንለው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው? ምዕራፉን ፈልጌ አጣሁት።

መልስ፦
ከሁለተኛው ልጀምር፣ አጭር ስለሆነ። ያጣኸው ስለሌለ ነው ወንድሜ። «ስምንተኛው ሺህ» የሚል ሐረግ በራእይም በዳንኤልም የለም። የመጣው ከዘመን አቆጣጠር ነው። በዓመተ ዓለም ስሌት ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዓመት ይቆጠራል። ዓመተ ምሕረቱን በላዩ ስትደምር ሰባተኛው ሺህ በ1500 ይሞላል። ስለዚህ ስምንተኛው ሺህ ከገባ ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። ዛሬ ሰው «ወይ ስምንተኛው ሺህ!» ሲል ግን ዓመት እየቆጠረ አይደለም። ያየው ነገር ከሥርዓት ወጣበት፣ በቃ። ሰሚውም የሚረዳው ይህንኑ ነው።

ይሄ ነገር ወደ ዋናው ጥያቄህ ያስገባናል። ፈሊጥ የሚገባን ተናጋሪውም ሰሚውም አስቀድመው ስለሚያውቁት ነው። «ሰማይ ተደፋበት» ሲባል ቀና ብሎ ሰማይ የሚያይ የለም። «ቀንደኛው እሱ ነው» ሲባል ቀንድ ፍለጋ የሰውየውን ራስ የሚያይ የለም። የራእይ ምልክቶችም እንደዚሁ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ዮሐንስ ፍጥሞ ደሴት ላይ ሆኖ ሲጽፍ አንባቢዎቹ ሙሴን፣ ኢሳይያስን፣ ሕዝቅኤልን፣ ዳንኤልን፣ ዘካርያስን ሲሰሙ የኖሩ ሰዎች ነበሩ። አነጋገሩን ከእነዚያ መጻሕፍት ለምደውታል። እኛ ግን እነዚያን መጻሕፍት ሳናገላብጥ ራእይን ብቻ ከፍተን እንገባለን፣ ከዚያ ያልገባንን ሁሉ ዜና ላይ እንፈልጋለን። ትልቁ ችግር እሱ ይመስለኛል።

ለምሳሌ ፀሐይ መጨለሙንና የከዋክብትን መውደቅ እንይ። ኢሳይያስ 13፥10 ላይ ከዋክብት ብርሃናቸውን አይሰጡም፣ ፀሐይም ትጨልማለች ይላል። የምዕራፉ ርእስ ግን ስለ ባቢሎን የተነገረ ሸክም ነው። ሕዝቅኤል 32፥7 ስለ ግብፅ ንጉሥ ፈርዖን ተመሳሳዩን ይናገራል። ባቢሎንም ወደቀች፣ ግብፅም ተዋረደች፣ ፀሐይዋ ግን በማግስቱ ወጣች። ነቢያቱ አልዋሹም። አንድ ታላቅ መንግሥት ሲወድቅ የሚናገሩበት ቋንቋ ይህ ነበር።

አሁን ወደ «ምልክት»። ዘዳግም 6 ላይ «እስራኤል ሆይ፥ ስማ» ካለ በኋላ ስለ እግዚአብሔር ትእዛዛት ምን ይላል? «በእጅህም ምልክት አድርገህ እሰራቸው፥ በዓይኖችህም መካከል እንደ ክታብ ይሁኑልህ።» እጅና ግምባር! አይሁድ ይህን በተግባርም ፈጽመውታል፤ ማቴዎስ 23፥5 ላይ «አሸንክታብ» የተባለው እሱ ነው። ቁም ነገሩ ግን የሚሠራው እጅና የሚያስበው አእምሮ የማን ናቸው የሚለው ነው። ሕዝቅኤል 9 ላይ ደግሞ በከተማይቱ ርኩሰት የሚያለቅሱ ሰዎች ግምባራቸው ላይ ምልክት ይደረግባቸዋል፣ በዚያም ከጥፋት ይድናሉ። ራእይ 13ን የጻፈው ሰው ሁለቱንም ያውቃል። አውሬው የእግዚአብሔርን ቦታ ነጥቆ፣ እግዚአብሔር የጠየቀውን ለራሱ ሲጠይቅ ነው የሚያሳየን።

ማስረጃ ከፈለግህ ምዕራፉ እንዳለቀ አታቁም። ቀጣዩ ቁጥር ራእይ 14፥1 ነው። በጽዮን ተራራ ላይ ከበጉ ጋር የቆሙት 144 ሺህ ሰዎች ስሙና የአባቱ ስም በግምባራቸው ተጽፎባቸዋል። የበጉን ስም ቆዳ ላይ ያለ ቀለም ነው የሚል ሰባኪ እስካሁን አልሰማሁም። ታዲያ አንዱን ምልክት የመንፈስ ነገር፣ ጎኑ ያለውን ደግሞ ቺፕ የምናደርገው በምን ሕግ ነው? ሁለቱ ጥንድ ሆነው ነው የተጻፉት። አንድ ላይ ነው መነበብ ያለባቸው።

ሌላ አባል፦
ጥሩ ነው፣ ግን ለምን ፈሊጥ ትለዋለህ? ይሄ የኛው ሰምና ወርቅ አይደለም እንዴ? ላይ ላዩ አውሬ፣ ውስጡ ሌላ።

መልስ፦
ይመስላል፣ ግን የሚለያዩበት ነገር አለ። ሰምና ወርቅ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም እንዲሰጥ ሆኖ ይሠራል፣ ሰሙም ብቻውን ትርጉም ያለው ዓረፍተ ነገር ነው። በራእይ ግን ላዩ ብቻውን አይቆምም። ሰባት ራስና አሥር ቀንድ ያለው፣ ነብር የሚመስል፣ የድብ እግርና የአንበሳ አፍ ያለው ፍጥረት ሥዕሉ ራሱ አልገጥም ብሎ ወደ ሌላ ቦታ ይመራሃል። ወዴት? ወደ ዳንኤል 7። እዚያ አራት አራዊት ከባሕር ይወጣሉ፦ አንበሳ፣ ድብ፣ ነብር፣ አራተኛው ደግሞ አሥር ቀንድ ያለው አስፈሪ። ራሶቻቸውን ቁጠር። አንበሳው አንድ፣ ድቡ አንድ፣ ነብሩ አራት፣ የመጨረሻው አንድ። ድምሩ ሰባት! ዮሐንስ አራቱን አንድ አድርጎ፣ ቅደም ተከተላቸውንም ከኋላ ወደፊት ገልብጦ ነው ያቀረባቸው። የቀደሙት ጨካኝ መንግሥታት ሁሉ በአንዱ ተጠቃለሉ ማለቱ ነው። ይህን ያየ ሰው የአውሬውን ሥዕል በየጊዜው ለሚነሳ መሪ ለመለጠፍ የሚቸኩል አይመስለኝም።

አራዊት መንግሥታት መሆናቸውን ደግሞ እኛ አልገመትንም። ዳንኤል 8 ላይ መልአኩ በግልጽ ይተረጉመዋል፦ ሁለት ቀንድ ያለው አውራ በግ የሜዶንና የፋርስ ነገሥታት፣ አውራ ፍየሉ የግሪክ ንጉሥ። መጽሐፈ ሄኖክን ያነበበም ያውቀዋል። ከምዕራፍ 85 ጀምሮ ታሪኩ ሁሉ በእንስሳት ይነገራል፤ አዳም ነጭ በሬ ነው፣ እስራኤል በጎች ናቸው፣ የወደቁት መላእክት ከሰማይ የሚወድቁ ከዋክብት ናቸው። ይህ ዓይነቱ አጻጻፍ በዘመኑ የተለመደ ነበር።

ወደ ሰምና ወርቅ የሚጠጋ ቦታ ግን አለ፣ እሱም 666 ነው። «አእምሮ ያለው የአውሬውን ቍጥር ይቍጠረው» ይላል። በዕብራይስጥም በግሪክም ፊደላት እንደ ቁጥር ያገለግሉ ነበር (የግእዝ ቁጥሮቻችን ራሳቸው ከግሪክ ፊደላት ነው የመጡት)። ስለዚህ ማንኛውም ስም ድምር አለው። እ.ኤ.አ. በ79 በእሳተ ገሞራ በተቀበረችው የሮማውያን ከተማ በፖምፔ ግድግዳ ላይ አንድ ሰው «ቁጥሯ 545 የሆነችውን እወዳታለሁ» ብሎ ጽፏል። ልጅቷን የሚያውቅ ያውቃታል፣ የማያውቅ አያውቃትም። በራእይም የሮም ንጉሠ ነገሥት የነበረው «ኔሮን ቄሳር» በዕብራይስጥ ፊደል ሲጻፍ 50፣ 200፣ 6፣ 50፣ ከዚያ 100፣ 60፣ 200 ይሆናል። ደምረው፣ 666 ይመጣል። አንዳንድ ጥንታዊ ቅጂዎች 616 ይላሉ። «ኔሮን» ከሚለው የመጨረሻዋን «ን» ብታነሳት 50 ይቀንስና 616 ይሆናል። ይህን መገጣጠም በቀላሉ ማለፍ ይከብደኛል። ሁሉም ይስማማል ማለቴ ግን አይደለም። የቤተ ክርስቲያን አባት ሄሬኔዎስ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሌሎች ስሞችን ሞክሯል፣ 616ን ደግሞ የቅጂ ስህተት ነው ብሎታል፣ ለማንም ሰው ስሙን ቆርጦ መስጠት አደገኛ መሆኑንም አስጠንቅቋል። ማስጠንቀቂያው አሁንም ይሠራል።

ሌላ አባል፦
ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ግን አልስማማም። ሁሉም ምሳሌ ከሆነ ምኑ ይቀራል? ነገ ደግሞ ዳግም ምጽአትም ትንሣኤም ምሳሌ ነው ልትሉን ነው?

መልስ፦
ጥያቄሽ ተገቢ ነው እህቴ፣ እኔም የምፈራው ይህንኑ ስለሆነ በደንብ ልመልስ። ምልክት ማለት የሌለ ነገር ማለት አይደለም። ራእይ 5 ላይ አንድ ሽማግሌ ለዮሐንስ «ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ» ድል ነሥቷል ይለዋል። ዮሐንስ ቀና ሲል ያየው ግን የታረደ የሚመስል በግ ነው። የሰማው አንበሳ፣ ያየው በግ። ኢየሱስ አራት እግር እንደሌለው ሁላችንም እናውቃለን። እሱ ግን እውነተኛ ነው፣ መታረዱም እውነት፣ ማሸነፉም እውነት። ምልክቱ እንዲያውም ነገሩን አጠበቀው፤ ያሸነፈው በመታረዱ ነው የሚለውን በአንድ እይታ አሳየን። ይህን በደረቅ ዓረፍተ ነገር ብትጽፊው እንዲህ አይመታም።

ምዕራፍ 7ም እንዲሁ ነው። የታተሙትን ቁጥር ሰማ፣ 144 ሺህ፣ ከእያንዳንዱ ነገድ 12 ሺህ። ከዚያ ሲያይ ማንም ሊቆጥረው የማይችል ከሕዝብና ከቋንቋ ሁሉ የተሰበሰበ ብዙ ሰው። እኔ ሁለቱን አንድ ሕዝብ አድርጌ ነው የማነበው፣ ልክ አንበሳውና በጉ አንድ እንደሆኑ። ለይተው የሚያነቡ አሉ፣ አከብራቸዋለሁ፣ ግን «ሰማሁ» እና «አየሁ» የሚሉት ሁለት ግሦች እንዴት እንደሚሠሩ ምዕራፍ 5 ላይ አስቀድሞ አሳይቶናል።

ደግሞም መጽሐፉ ራሱ ብዙውን ይፈታዋል። ሰባቱ መቅረዞች ሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው (1፥20)። ጋለሞታይቱ የተቀመጠችበት ውኃ ወገኖችና ቋንቋዎች ናቸው (17፥15)። የመጀመሪያው ቁጥር ላይ ኢየሱስ በመልአኩ ልኮ ለባሪያው ለዮሐንስ «አመለከተ» ይላል። አመለከተ፣ ምልክት። ከመግቢያው ጀምሮ በምን ቋንቋ እንደሚያናግረን ነግሮናል። የምጽአት ተስፋ ግን በራእይ ምልክቶች ላይ ብቻ የቆመ አይደለም። ወንጌላቱም የጳውሎስ መልእክቶችም ያለ አውሬና ያለ ቀንድ በግልጽ ያስተምሩታል። ራእይ 20 ላይ ያለውን የክርስቶስን የሺህ ዓመት መንግሥት ነገር ግን የጥንት የቤተ ክርስቲያን አባቶችም አልተስማሙበትም። ዮስጢኖስ ሰማዕትና ሄሬኔዎስ በምድር የሚሆን መንግሥት ጠብቀዋል፣ አውግስጢኖስ ደግሞ አሁን ያለው የቤተ ክርስቲያን ዘመን ነው ብሎ አንብቦታል። በዚህ የተነሳ ማንም ማንንም መናፍቅ ባይል ደስ ይለኛል።

ጠያቂው፦
በጣም አመሰግናለሁ። «ሱባዔ» የሚለውስ? ዳንኤል 9 ላይ «ሰባ ሱባዔ» ሲል እኛ እንደምንይዘው ሱባዔ ነው?

መልስ፦
አይደለም፣ ዘመዱ ግን ነው። ሥሩ ሰባት ነው። ሰባት ቀን ለጸሎት መለየቱ «ሱባዔ መግባት» ተባለ፣ ዛሬ ደግሞ ቀኑ ሰባት ባይሆንም ሱባዔ እንላለን። በዳንኤል ግን አንዱ ሱባዔ አንድ ሰባት ነው፣ ብዙዎቹ ተርጓሚዎችም ሰባት ዓመት አድርገው 490 ይሉታል። ምዕራፉ የሚጀምረው ዳንኤል የኤርምያስን 70 ዓመት ሲያነብ ነው። መልአኩ ሰባውን በሰባት አባዛበት።

ራእይ ላይ የምናገኘው «ዘመን፥ ዘመናት፥ የዘመንም እኩሌታ» ደግሞ ሦስት ዓመት ተኩል ነው፣ የሰባት ግማሽ። 42 ወርም 1260 ቀንም ያው ነው፣ ወሩን 30 ቀን አድርገህ ስታሰላው። ሙሉ ያልሆነ፣ መካከል ላይ የሚቆረጥ የመከራ ጊዜ። የአውሬው ዘመን ሰባት አይሞላም የሚለው ለእኔ ከሒሳቡ በላይ ነው።

አንዱን ቀን አንድ ዓመት አድርጎ ማስላት (ሕዝቅኤል 4፥6ን ይዘው) የት እንዳደረሰ ታሪክ ይመሰክራል። አሜሪካዊው ዊልያም ሚለር የዳንኤል 8፥14ን 2300 ቀን ከ457 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ጀምሮ ቆጠረ፤ በኋላም ተከታዮቹ ክርስቶስ የሚመለስበትን ቀን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1844 ብለው ወሰኑት። ቀኑ አለፈ። እርሻውን ሳያጭድ የጠበቀ ሰው ነበር፣ ልቡ የተሰበረም ብዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ አሜሪካዊው ሰባኪ ሃሮልድ ካምፒንግ ቀኑ ሜይ 21 ነው አለ፣ እሱም አለፈ። ማቴዎስ 24፥36 ስለ ቀኒቱና ስለ ሰዓቲቱ ከአባት በቀር ማንም እንደማያውቅ እየተናገረ፣ በዚያው መጽሐፍ ላይ ካልኩሌተር ይዞ መቀመጥ ያሳዝነኛል።

ሌላ አባል፦
እኔ ደግሞ አንድ ቃል ብቻ። ራእይ 6፥6 «አንድ እርቦ ስንዴ በዲናር»። እርቦ ስንት ነው?

መልስ፦
የእህል መስፈሪያ ነው። በግሪኩ ያለው መለኪያ አንድ ሊትር ገደማ ይሆናል፣ ለአንድ ሰው የአንድ ቀን ቀለብ ነበር። ዲናር ደግሞ የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ነው፣ ማቴዎስ 20 ላይ የወይኑ ሠራተኞች የተስማሙበት። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሠራ ሰው የሚገዛው የራሱን ዳቦ ብቻ ነው። ሚስትና ልጅ ካለው ወደ ገብሱ ይወርዳል፣ ገብስ በዚያው ዲናር ሦስት እርቦ ስለሚደርሰው። ሚዛን የያዘው የጥቁር ፈረስ ጋላቢ ይህ ነው። «ዘይትንም ወይንንም አትጕዳ» የሚለውን አንዳንዶች ንጉሠ ነገሥት ዶሚጥያኖስ በየአውራጃው የወይን ተክል ግማሹ እንዲነቀል ካወጣው ትእዛዝ ጋር ያያይዙታል። ሊሆን ይችላል። እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን ቀላሉ ንባብ ነው፤ የድሃው እህል ሲወደድ የባለጠጋው ማዕድ አልተነካም።