ለንደን ላይ ሦስት የሙዚቃ ቲያትር፦ ቲኬቱን ከባሕር ዳር ልቁረጥ ወይስ እዚያው?

ጥያቄ፣ ከክራር ወዳድ

ሰላም ለሁላችሁ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ለሥልጠና ወደ ለንደን እሄዳለሁ። ሥልጠናው ሰኞ ይጀምራል፤ እኔ ግን የምደርሰው ሐሙስ ጠዋት ነው። እስከ እሑድ ማታ ጊዜው የራሴ ነው።

የሙዚቃ ቲያትር እወዳለሁ ብል ያንሳል። እዚህ ሙሉዓለም አዳራሽ ትርኢት አለ ከተባለ ቀርቼ አላውቅም። የለንደኖቹን ግን ያየሁት በስልክ ነው፣ ያውም ቁርጥራጩን። አሁን ሦስት ትርኢት በአካል ማየት እፈልጋለሁ። የመደብኩት 150 ፓውንድ ነው። ቲኬቱን ከአሁኑ ልቁረጥ ወይስ እዚያ ስደርስ? የትኞቹን ልምረጥ? እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃል፤ ዘፈን ሲሆን ግን ግማሹ ያመልጠኛል።

ጣንኳ

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! እኔ ሁለት ዓመት እዚያ ተምሬ ነው ወደ ባሕር ዳር የተመለስኩት። ብዙ ትርኢት ያየሁት በተማሪ ኪስ ነው።

ሦስቱንም አስቀድመሽ አትቁረጪ። በጣም የምትጓጊለትን አንዱን ብቻ ከአሁኑ ያዢ። ሁለቱን እዚያው ታገኛቸዋለሽ። ሌስተር ስኩዌር የሚባል አደባባይ አለ። መናፈሻው ውስጥ ቲ ኬ ቲ ኤስ የምትባል ቲኬት መሸጫ ታገኛለሽ። የቲያትር ቤቶቹ ማኅበር የራሱ ናት። ለዕለቱና ለቀጣዮቹ ጥቂት ቀናት ያልተሸጡ ወንበሮችን ትሸጣለች፤ አንዳንዱ እስከ ግማሽ ዋጋ ይወርዳል። አካባቢው ላይ «ግማሽ ዋጋ» ብለው የለጠፉ ሌሎች ሱቆችም አሉ። አንቺ ግን መጀመሪያ መናፈሻው ውስጥ ያለችውን ጠይቂ። መንገድ ላይ ቆሞ ቲኬት ከሚሸጥልሽ ሰው ፈጽሞ አትግዢ።

ሌላም መንገድ አለ። አንዳንድ ቲያትር ቤቶች ጥቂት ወንበሮችን ለዕለቱ ብለው ያስቀራሉ። ጠዋት በርካሽ ይለቋቸዋል፤ ብዙ ጊዜ 30 ፓውንድ አካባቢ። ዛሬ ዛሬ አብዛኛው በስልክ መተግበሪያ ነው የሚሸጠው፤ ቱዴይቲክስን ጫኚ።

ወንበር ስትመርጪ ደግሞ ልብ በይ። ምድር ላይ ያለው ስቶልስ ይባላል። ከዚያ ፎቅ በፎቅ ወደ ላይ ይሄዳል። ከላይ ርካሽ ነው፤ ግን ቁልቁለቱ ያስፈራል፣ የተዋናዩም ፊት አይለይም። ቤቶቹ አሮጌ ስለሆኑ ምሰሶ የሚጋርደው ወንበር አለ። ቲኬቱ ላይ እይታው የተከለለ መሆኑን ይጽፉታል፤ ሳታነቢ እንዳትከፍዪ።

ጭስ ዓባይ

እኔ የምነግርሽ ስለ ሰዓት ነው፤ ስላቃጠለኝ። ቲኬቴ ላይ 2:30 ይላል። ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል መስሎኝ ከተማ ስዞር ዋልኩ። ስደርስ የእኔ ትርኢት ካለቀ ሦስት ሰዓት ሆኖታል። ገንዘቡም ቀረ። እነሱ 2:30 ሲሉ በእኛ ከቀኑ 8:30 ነው። 7:30 ማለት ከምሽቱ 1:30 ነው። ሁሉንም ወደ እኛ ሰዓት ገልብጠሽ በወረቀት ጻፊው።

ሐሙስ ማታ ደግሞ ምንም አትያዢ። በዚያ ወቅት ለንደን ከእኛ ሁለት ሰዓት ወደኋላ ናት። የማታው ትርኢት ሲያልቅ በባሕር ዳር እኩለ ሌሊት ነው። ሌሊቱን አውሮፕላን ላይ ያደረ ሰው ያንን አይችልም።

ፓፒረስ

ስለ ምርጫው። አንደኛ «አንበሳው ንጉሥ»። ላይሲየም ቲያትር በፈረንጆቹ ከ1999 ጀምሮ እየታየ ነው። መክፈቻው ላይ በዙሉ ቋንቋ አንድ ጥሪ ይሰማል፤ ከዚያ አንዳንዶቹ እንስሳት በተመልካቹ መሃል አልፈው ወደ መድረክ ይወጣሉ። ጭምብሉ ከራስ በላይ ስለሆነ የተዋናዩም ፊት ይታያል። እንግሊዝኛው ቢያመልጥሽ ዓይንሽ ይረዳዋል። ገንዘብሽን የምታወጪበት ይህ ይሁን፤ ስቶልስ፣ መተላለፊያው ዳር። ከ150ው ከግማሽ በላይ ሊበላብሽ ይችላል፤ ግን ከላይ ሆነሽ ይህን አታዪውም።

ሁለተኛ «ሌ ሚዜራብል»። ለንደን ላይ በፈረንጆቹ ከ1985 ጀምሮ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዘፈን ነው የሚሄደው፤ ታሪኩን ሳታውቂ ብትገቢ ትጠፊያለሽ። መፍትሔው ግን ቀላል ነው። መጽሐፉ በሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ተተርጉሞ «ምንዱባን» በሚል በአማርኛ አለ። ሳትሄጂ አንብቢው። አንዳንድ ቀን ደግሞ ግጥሙ በጽሑፍ የሚታይበት ትርኢት ይኖራል፤ የቲያትር ቤቶቹ ድረ ገጽ ላይ ፈልጊ።

ክራር ወዳድ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ምንዱባን»ን እፈልገዋለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። የእኔ ካርድ ኢንተርኔት ላይ አይከፍልልኝም። ደግሞ ቅዳሜ ቀንና ማታ ሁለት ባይ አይሻልም? እሑድ ዝግ ነው ሲሉ ሰማሁ።

የዘጌ ቡና

ልጄ፣ እዚሁ ለንደን የምኖር ነኝ። ዘመድ ካለሽ በስምሽ ይቁረጥልሽ፤ ቲኬቱ በኢሜይል ይመጣልሻል። ለዕለት ወጪ ባንክሽ ለመንገደኛ የሚሰጠውን የውጭ ምንዛሪ ካርድ ያዢ፤ እዚህ ብዙ ቦታ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም።

ሁለቱን በአንድ ቀን አታድርጊው። እሑድ ሁሉም ዝግ አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ የሚጫወቱ አሉ። ጠዋቱን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ሂጂ። መግቢያው ነፃ ነው፤ የቲያትር አልባሳት ያሉበት ክፍል አለው። ከመቅደላ የተወሰዱ ንዋየ ቅድሳትም በዚሁ ሙዚየም እጅ ናቸው። እኔ በሄድኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ደግሞ አታርፍጂ። አርፋጅ አመቺ ቦታ እስኪመጣ ውጭ ይቆማል፤ መክፈቻውን አጣሽ ማለት ነው። ትልቅ ሻንጣም አያስገቡም።

ጣንኳ

በቅዳሜው ከእርስዎ ትንሽ እለያለሁ፤ እኔ ሁለት አይቼ ተደስቼ ወጥቻለሁ። ግን ያኔ ከተማውን ለምጄው ነበር። ለእሷ የእርስዎ ይሻላል።

ክራር ወዳድ

እትዬ፣ እድሜ ይስጥልኝ፤ የነገሩኝን ሁሉ ጽፌዋለሁ። ዓርብ ከመናፈሻዋ መሸጫ ያገኘሁትን በርካሽ፣ ቅዳሜ 8:30 «አንበሳው ንጉሥ»፣ እሑድ ጠዋት ሙዚየም፣ ከሰዓት በኋላ ሦስተኛው። የአክስቴ ልጅ እዚያ ስላለ ዛሬ ማታ ቅዳሜን ይቆርጥልኛል። መተላለፊያው ዳር ያለ ወንበር እንዲሆን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ።