ሐሰተኛ ጸረ ቫይረስ ከቤት ኮምፒውተር እንዴት ይወገዳል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ፒያሳ ነው። ትናንት ማታ ልጄ የቤት ሥራዋን ስትሠራ በዊንዶውስ 10 ኮምፒውተራችን ላይ «347 ቫይረሶች ተገኝተዋል» የሚል ቀይ መስኮት ተከፈተ፤ ለማጽዳት በባንክ ካርድ ክፈሉ ይላል፣ ብዘጋውም ተመልሶ ይመጣል፣ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን የሚያሳየውንና የሚያስዘጋውን ታስክ ማናጀርንም አያስከፍትም። የቤተሰብ ፎቶዎቻችንን ሳላጣ እንዴት ላስወግደው?

መልስ፦ በምንም ዓይነት እንዳይከፍሉ፤ ቁጥሩ ለማስፈራራት የተጻፈ እንጂ የምርመራ ውጤት አይደለም። በመጀመሪያ ዋይፋዩን ያጥፉ። ቀጥሎም ሺፍትን ተጭነው ሪስታርት ሲሉ ከሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርታፕ ሴቲንግስ እያሉ ገብተው በሴፍ ሞድ ያስነሱት፤ በዚህ ጊዜ ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልጉትን ብቻ ስለሚያስነሳ አጭበርባሪው ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ አይነሳም። ከፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ትናንት የተጫነውን የማያውቁትን ስም ያጥፉና ኮምፒውተሩን እንደወትሮው አስነስተው ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ቫይረስ በሚፈልገው የዊንዶውስ የራሱ መመርመሪያ፣ በዲፌንደር ኦፍላይን ያስፈትሹት። ይህ ፎቶዎቹን አይነካም።

ሌላ መልስ፦ እኔ ዘንድ ፕሮግራሙ ከጠፋም በኋላ ድረ ገጾች አልከፈት ብለው ነበር፤ ለካ የፕሮክሲ ቅንብሩን (ኢንተርኔቱ በሌላ ኮምፒውተር በኩል እንዲያልፍ የሚያደርገውን) ቀይሮት ኖሯል። ሴቲንግስ ውስጥ ገብተው ፕሮክሲውን ያጥፉት።

ጠያቂ፦ በሴፍ ሞድ ቀዩ መስኮት አልመጣም፣ አጥፍቼዋለሁ። ነገር ግን ባለቤቴ የካርዱን ቁጥር አስገብቶ ነበር።

መልስ፦ እንግዲያው ዛሬውኑ ባንክዎ ደውለው ካርዱን ያሳግዱ፤ የይለፍ ቃሎችዎንም ከሌላ መሣሪያ ይቀይሩ።