ኖትፓድ ላይ አማርኛ፣ ኤክሴል ላይ ጉድ

የእድሩ ጸሐፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምፒውተር የለመድኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አስረዱኝ።

ጥር ላይ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ አድርገው መረጡኝ። ከእኔ በፊት የነበሩት ጸሐፊ ልጃቸው ዘንድ አሜሪካ ሲሄዱ የአባላቱን ዝርዝር በቴሌግራም ላኩልኝ። 214 ሰው ነው፤ ስም፣ ስልክ፣ የቤት ቁጥር፣ የተከፈለበት ወር። የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ሲኤስቪ ይላል።

ልጄ በገዛችልኝ ላፕቶፕ በኖትፓድ ስከፍተው ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ሁለቴ ስጫነው ግን ኤክሴል ይከፍተውና ጉድ ይሆናል። «አቶ» የምትለዋን ብቻ ልንገራችሁ። መጀመሪያ አናቷ ላይ ጭረት ያለባት የእንግሊዝኛ ኤ። ቀጥሎ ባርኔጣ ያደረገች ኤስ፣ ቀጥሎ ባዶ ቦታ። ከዚያ ያችው ኤ ተመልሳ ትመጣለች፤ ፐርሰንት የሚመስል ነገር ይከተላል፤ መጨረሻ ላይ ሁለት እግር ያለው ፒ መሳይ። ሁለት ፊደል ስድስት ሆነች! አባላቱ በሙሉ በዚያች ኤ ይጀምራሉ።

ሌላም ጥፋት አለብኝ። በዚህ ወር 19 አዲስ ሰዎች ገብተዋል። እነሱን ወንድሜ ቤት፣ ዊንዶውስ 7 የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ በኖትፓድ ጻፍኳቸው። ላስቀምጥ ስል ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ። እንግሊዝኛው ረዘመብኝና ኦኬ አልኩት። በማግስቱ ስከፍተው ስሙ ሁሉ ጥያቄ ምልክት ሆኗል። ስልክ ቁጥሮቹ ግን ደህና ናቸው።

እሁድ ስብሰባ አለን። ምን ይሻለኛል?

ሚኪ የሰፈሩ፦

ፎንት ነው እትዬ፤ የአማርኛ ፊደል ቅርጽ ስላልተጫነ ነው። ኒያላ የሚባለውን አውርደው ይጫኑ፣ በቃ።

አሮጌ ታይፒስት፦

ሚኪ፣ ፎንት አይደለም። ፎንት ቢሆን ኖሮ ባዶ ሳጥን ነበር የሚያዩት፤ ደግሞም ያው ላፕቶፕ ኖትፓድ ላይ አማርኛውን አሳይቷቸዋል።

እትዬ፣ ፋይልዎ ጤነኛ ነው። ሲኤስቪ ማለት ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ ተራ ጽሑፍ ነው። የተጻፈው ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ኢንኮዲንግ፣ ማለትም ፊደልን በቁጥር የማስቀመጫ ዘዴ ነው። በዚህ አጻጻፍ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት (ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጣት ትንሽ የመረጃ ቁራጭ) ይይዛል። ኤክሴል ግን በድሮው የምዕራባውያን ሠንጠረዥ፣ አንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ቆጥሮ አነበበው። «አቶ» ስድስት የሆነችው ለዚህ ነው። የእኛ ፊደላት የመጀመሪያ ባይት ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። ያቺ ጭረት ያለባት ኤ እሷ ናት፤ በየሦስቱ መምጣቷ አይቀርም። እኔ እሷን ካየሁ ደስ ይለኛል፣ ፋይሉ አልጠፋም ማለት ነውና።

ችግሩ ተራ የጽሑፍ ፋይል «እኔ በዚህ ነው የተጻፍኩት» ብሎ አለመናገሩ ነው። የሚከፍተው ፕሮግራም ይገምታል፤ ወይ እርስዎ ይነግሩታል። ኖትፓድ በትክክል ገመተ፣ ኤክሴል ሳተ።

እንዲህ ያድርጉ። ፋይሉን በኖትፓድ ይክፈቱ። ፋይል ከሚለው ውስጥ ሴቭ አዝ ይበሉ። ከታች ኢንኮዲንግ የሚል ሳጥን አለ፤ እሱን ሲጫኑ ዩቲኤፍ 8 ዊዝ ቦም የሚል ያገኛሉ። እሱን መርጠው በሌላ ስም ያስቀምጡ። ቦም ማለት ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የምትገባ ሦስት ባይት ናት፤ ለኤክሴል «ይህ ዩቲኤፍ 8 ነው» ብላ ትነግረዋለች። ከዚያ በኋላ ሁለቴ ቢጫኑትም አማርኛ ይሆናል። ቴሌግራም ላይ ያለውን ዋናውን ግን እንዳያጠፉት፣ አደራ።

የ19ኙ ነገር ያሳዝናል። አሮጌው ኖትፓድ ካልነገሩት በስተቀር አንሲ በሚባለው የድሮ ሠንጠረዥ ነው የሚያስቀምጠው። አንሲ የአማርኛ ቦታ የለውም፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ፊደል ጥሎ በምትኩ ጥያቄ ምልክት ጻፈ። ያ ረጅም እንግሊዝኛ «ፊደሎችዎ ሊጠፉ ነው» እያለዎት ነበር። እዚህ ላይ ኢንኮዲንግ ቢቀያይሩ ምንም አይመለስም። ፋይሉ ውስጥ ያለው እውነተኛ ጥያቄ ምልክት ነው። ቁጥሮች ግን አንሲ ውስጥም ቦታ ስላላቸው ተረፉ።

ሚኪ የሰፈሩ፦

እሺ፣ ፎንቱን ትቻለሁ 😅 እኔ ጋ ግን ከቢሮ የመጣ የድሮ ደብዳቤ አለ። ዩቲኤፍ 8 ብዬ ብከፍተውም ተራ የእንግሊዝኛ ፊደልና ነጥብ ብቻ ነው። ያቺ ኤ የለችም።

አሮጌ ታይፒስት፦

ሃሃ፣ ያ የእኔ ዘመን ሥራ ነው። ጽሕፈት ቤት ስሠራ በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ነበር የምንተይበው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የኮድ ሠንጠረዥ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሶፍትዌሩ ሁሉ እስኪቀበለው ደግሞ ዓመታት ፈጀ። እስከዚያ ፎንት ሠሪዎቹ የላቲን ፊደል ኮድ ላይ የአማርኛ ቅርጽ ይስሉ ነበር። ፋይልህ ውስጥ ያለው በእርግጥም የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነበር። ለእሱ ኢንኮዲንግ መምረጥ አያድንህም። የተጻፈበትን ፎንት አውቀህ ወደ ዩኒኮድ የሚለውጥ ፕሮግራም ፈልግ። ስህተት ስለማያጣው ከተለወጠ በኋላ አንድ በአንድ አንብበው። እኔ አንድ ሙሉ የሠርግ ጥሪ ወረቀት ላይ «ሙ» «መ» ሆና ታትማብኛለች።

ተርሚናል ወዳጅ፦

ቪኤስ ኮድ የሚባለውን የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ለምትጠቀሙ፦ ከታች በስተቀኝ የኢንኮዲንጉ ስም ተጽፏል። ስትጫኑት ሁለት ነገር ይጠይቃል፣ ሪኦፕን ወይስ ሴቭ። የተበላሸ ጽሑፍ ካያችሁ ሪኦፕን ነው፤ ያው ባይት በሌላ ሠንጠረዥ ይነበባል እንጂ ፋይሉ አይነካም። ሴቭ ያላችሁ እንደሆነ ግን ያንኑ ዝብርቅርቅ በአዲስ መልክ ትጽፉታላችሁ። ቪምና ኢማክስ የሚባሉት ማረሚያዎችም ፋይሉን ስትከፍቱ ኢንኮዲንጉን አብራችሁ እንድትነግሯቸው ይፈቅዳሉ። የዊንዶውስ 7 ኖትፓድም ቢሆን ኦፕን ሲባል ከታች መምረጫ አለው፤ ማንም አያየውም እንጂ።

የእድሩ ጸሐፊ፦

ተባረኩ! አማርኛው ወጣ። ግን አሁን ደግሞ ስልኮቹ ሁሉ መነሻቸው ላይ ያለችው ዜሮ ጠፋች። 09 የነበረው በ9 ይጀምራል። ምን በደልኩት ይሄን ኤክሴል?

ተርሚናል ወዳጅ፦

እሱ ኢንኮዲንግ አይደለም እትዬ። ኤክሴል ስልኩን ብር መስሎት ነው፤ ፊት ያለች ዜሮ ለቁጥር ትርጉም የላትም ብሎ ይጥላታል። ሳያስቀምጡ ይዝጉት። ባዶ ኤክሴል ይክፈቱና ዳታ ከሚለው ውስጥ ፍሮም ቴክስት ሲኤስቪ የሚለውን ይጫኑ። ፋይሉን ሲመርጡ አንድ መስኮት ይመጣል። ፋይል ኦሪጅን በሚለው ላይ 65001 የሚለውን ይምረጡ፣ ዩቲኤፍ 8 ማለት ነው። እዚያው መስኮት ላይ ዳታ ታይፕ ዲቴክሽን የሚል አለ፤ ዱ ኖት ዲቴክት ያድርጉት። ዜሮዋ ትቀመጣለች። ሲጨርሱ እንደ ኤክሴል ፋይል ያስቀምጡት እንጂ ወደ ሲኤስቪ አይመልሱት።

የእድሩ ጸሐፊ፦

ሆነ! 214ቱም ከነዜሮአቸው ቁጭ ብለዋል። ለ19ኙ እየደወልኩ «እድሩ ነው፣ ሙሉ ስምዎን ከነአያት ይንገሩኝ» አልኳቸው። አንዷ ሰው የሞተ መስሏት ደነገጠች። 18ቱን አገኘሁ። አንዱ ስልክ አያነሳም፤ እሁድ መዋጮ ሊከፍል ሲመጣ እይዘዋለሁ።