ማሪታል፣ ማትሪሞኒያል፣ ኮንጁጋል፦ የትኛው የት ይገባል?

የደሴዋ፦ ሰላም ለቤቱ። ደሴ ላይ ሰነድ ወደ እንግሊዝኛ እተረጉማለሁ። ከሐይቅም ከወረኢሉም ሰው ይመጣል፤ አብዛኛው የጋብቻ ወረቀት ይዞ ነው፣ የኒካህም የቤተ ክርስቲያንም። መዝገበ ቃላቱ ማሪታል፣ ማትሪሞኒያል፣ ኮንጁጋል የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ «የጋብቻ» ብሎ ያልፋቸዋል። የሰው ትዳር ነውና በግምት መጻፍ አልፈልግም። ኑፕሻል የሚባለውስ?

መምህሩ፣ ኮምቦልቻ፦ እህቴ፣ ማሪታል ስለ ሰውዬው ሁኔታ ነው። ያገባ፣ ያላገባ፣ የፈታ የሚለው ቅጽ ላይ የምታገኚው እሱን ነው። ኑፕሻል ሰርጉን ይመለከታል፤ ፕሪኑፕሻል የሚሉት ውልም ከጋብቻው በፊት የሚፈረም ነው። ኮንጁጋል ግን የባልና ሚስት አብሮ መኖር ነው፣ በተለይ መኝታቸው። ከላቲን የመጣ ነው፣ በአንድ ቀንበር መጠመድ እንደማለት። ደስ የሚል ቃል ነው፤ ሰነድ ላይ ግን እንዳታስገቢው!

ከወልድያ፦ ማትሪሞኒያል የፍርድ ቤት ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የእንግሊዝ የፍቺ ሕግ ስሙ ላይ አለ። ክርስቲያኖቹም የቤተ ክርስቲያን ጋብቻን ሆሊ ማትሪሞኒ ይሉታል።

የደሴዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ለኒካሁ ወረቀትስ ርዕሱን ምን ልበለው?

መምህሩ፣ ኮምቦልቻ፦ ማሬጅ (ጋብቻ) በይው፣ በቃ። ኒካህ የሚለውንም እንዳለ አስቀምጪው። በቤተሰብ ሕጋችን በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ከተፈጸመው እኩል ውጤት አለው። ሴሬሞኒ (ሥነ ሥርዓት) ብለሽ ከጻፍሽው ግን አንባቢው ድግስ ብቻ ይመስለዋል።