«ንድፈ ሐሳብ»፣ «በዘፈቀደ»፣ «ጉልህ»፦ የሳይንስ ቃሎቻችን የት ላይ ያሳስታሉ? (የአራት ሰዎች ውይይት)

ፊደል ቆጣሪ፦
«ይህ ገና ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ሲረጋገጥ ሕግ ይሆናል» የሚል አነጋገር ደጋግሞ ያጋጥማል። ነደፈ ካልን ንድፍ ያላለቀ ነገር ነውና ቃሉ ራሱ ወደዚያ የሚገፋ ይመስላል። መላምት፣ ንድፈ ሐሳብ እና ሕግ በእርግጥ እንደ መሰላል አንዱ ከአንዱ በላይ የቆሙ ናቸው?

ሥርወ ቃል፦
አይደሉም። ከመላምት ልጀምር፤ ከሦስቱ በደንብ የተሰየመው እሱ ነው። መላ መታ ካለው ግስ የመጣ ነው፤ ምት ደግሞ ዒላማውን ሊስት ይችላል። መላምት መላምት የሚሆነው ሊስት ሲችል ነው። «ማዳበሪያው አንድ ቀን፣ በሆነ መንገድ ይጠቅማል» ብንል ምንም ውጤት ቢመጣ አይፈርስም፤ ስለዚህ ለሙከራ አይሆንም። «ማዳበሪያ ያገኙት ችግኞች በ30ኛው ቀን ካላገኙት ይረዝማሉ» ሲባል ግን ሊወድቅ የሚችል ነገር ተነገረ።
ንድፈ ሐሳብ ላይ የእርስዎ ጥርጣሬ ልክ ነው፤ ቃሉ ያሳስታል። በሳይንስ ግን ረቂቅ ማለት ሳይሆን ብዙ የተለኩ ነገሮችን በአንድ ምክንያት የሚያስተሳስር ማብራሪያ ማለት ነው።

ናሙና፦
በምሳሌ ላስረዳ። የቦይል ሕግ (1662 እ.ኤ.አ.) የጋዝ ሙቀት ሳይለወጥ ግፊቱ እጥፍ ሲሆን ይዘቱ በግማሽ ይቀንሳል ይላል። ለምን እንደሆነ ግን አይናገርም። «ለምን»ን የሚመልሰው የጋዝ ቅንጣቶች ንድፈ ሐሳብ ነው፦ ቦታው ሲጠብ ቅንጣቶቹ ግድግዳውን የሚመቱበት ጊዜ ይበዛል። ንድፈ ሐሳቡ አድጎ ሕግ አይሆንም፤ ሥራቸው የተለያየ ነው። እንዲያውም ግፊቱ በጣም ሲበዛ ሕጉ ይዛነፋል። ለምን እንደሚዛነፍ የሚያስረዳንም ያው ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ቅንጣቶቹ የራሳቸው ይዘት ስላላቸውና ስለሚሳሳቡ ነው። ነገርን ከሥሩ የሚባለው ይህ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦
ተቀብያለሁ። ሌላው የሚያስቸግረኝ «በዘፈቀደ መመደብ» ነው፤ በሙከራ የትኛው ከየትኛው ቡድን እንደሚገባ ያለ ምርጫ መወሰን ማለት ነው። በምርምር ጽሑፍ ውስጥ ጥንቃቄን ያመለክታል፤ በተራ ንግግር ግን በዘፈቀደ ሠራ ማለት ያለ ሥርዓት ሠራ ነው።

ሥርወ ቃል፦
ከዚያም የባሰ ነው። በግእዝ ፈቀደ ማለት ወደደ፣ ፈለገ ነው፤ ዘፈቀደ «የወደደውን» ይሆናል። በዚህ ዓይነት ምደባ የሚከለከለው ደግሞ ተመራማሪው የወደደውን መምረጡ ነው! ቃሉ የሥራውን ተቃራኒ ይናገራል። እኔ «በዕጣ መመደብ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ «የዕጣ ንሞና» (ናሙናን በዕጣ መውሰድ) አስቀድሞ የለመድነው ስለሆነ እንግዳ አይሆንም።

ናሙና፦
በዕጣ በሚለው እስማማለሁ፤ ሥራውንም ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። 40 ችግኝ ቢኖር ከ1 እስከ 40 ቁጥር ይሰጣል፤ ዕጣ ወጥቶ 20ው የሙከራ ቡድን፣ 20ው የቁጥጥር ቡድን (ማዳበሪያ የማያገኘው) ይሆናሉ። አፈሩ፣ የማሰሮው መጠንና ብርሃኑ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ማዳበሪያው በውሃ ተበጥብጦ የሚሰጥ ከሆነ የቁጥጥሩ ቡድንም ያንኑ ያህል ንጹሕ ውሃ ያገኛል፤ አለዚያ የለካነው የማዳበሪያውን ይሁን የውሃውን ሥራ አናውቅም። በዓይን መርጦ መመደብ የሚያበላሸው እጅ ጠንካራ ወደሚመስለው ችግኝ ስለሚሄድ ነው። ቁመቱን የሚለካው ሰውም የትኛው ከየትኛው ቡድን እንደሆነ ባያውቅ ይመረጣል፤ ማስመሪያ ሲነበብ ግማሽ ሚሊ ሜትር ወደተመኙት በኩል ትሳባለች።

ባለ ሚዛን፦
ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው የሚያሳስተው «ጉልህ» ነው። ጉልህ ስንል ከሩቅ የሚታይ፣ ትልቅ ነገር ይመስለናል። በስታቲስቲክስ ግን «ጉልህ ልዩነት» ማለት፣ ማዳበሪያው ምንም ባይሠራ ኖሮ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉ ከተቆረጠው ልክ፣ በተለምዶ ከ100 ከ5፣ ያነሰ ነው ማለት ብቻ ነው። ስለ ትልቅነቱ አይናገርም።
የችግኞቹ ቁመት መደበኛ ልይይት፣ ማለትም ከአማካዩ በተለምዶ የሚርቁበት መጠን፣ 20 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። በያንዳንዱ ቡድን 5,000 ችግኝ ካለ የ1 ሚሊ ሜትር ልዩነት ጉልህ ሆኖ ይወጣል፤ ለገበሬው ግን አይጠቅመውም። በያንዳንዱ 20 ብቻ ከሆኑ የ10 ሚሊ ሜትር ልዩነት እንኳ ጉልህ ላይባል ይችላል። «ጉልህ አይደለም» የሚለውን «ልዩነት የለም» ብሎ መተርጎም እንግዲህ ውሃ አያነሳም።
ሌላም ወጥመድ አለ። ቁመት፣ የቅጠል ብዛት፣ ክብደት እያሉ እርስ በርስ የማይያያዙ 20 ነገሮች ቢለኩ፣ ማዳበሪያው ከንቱ ቢሆን እንኳ ቢያንስ አንዱ «ጉልህ» ሆኖ የመውጣት ዕድሉ 64 በመቶ ያህል ነው። የሚለካው ነገር ከሙከራው በፊት ተጽፎ መቀመጥ ያለበት ለዚህ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦
«ሳይንስ አረጋግጧል»ስ ምን ይባል? አንድ ጥናት ወጣ ማለት ተረጋገጠ ማለት ነው?

ባለ ሚዛን፦
አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ ሥራ 100 የሥነ ልቦና ጥናቶችን እንደገና ሞክሮ፣ ጉልህ ውጤት ዳግም የታየው በ36 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች ግን 97 በመቶው ጉልህ ተብለው ነበር። ለአንድ ጥናት «አመለከተ» ይበቃል። «አረጋገጠ» በተለያዩ እጆች ተደግሞ ለቆመ ነገር ይቆይ።

ሥርወ ቃል፦
በዚያም ላይ የተደገመው ሁሉ ለዘላለም አይቆምም። ዩራነስ ከስሌቱ ስትዛነፍ «ያልታየ ፈለክ እየሳባት ነው» የሚል መላ ተመታ፤ በ1846 እ.ኤ.አ. ኔፕቱን በተባለው አካባቢ ተገኘች። ሜርኩሪም በመቶ ዓመት 43 የቅስት ሴኮንድ ያህል (አንዱ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) ስትዛነፍ ለቬሪዬ የተባለው ፈረንሳዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ ያንኑ ዓይነት መላ መታ፤ ፈለኩ ግን አልተገኘም። በ1915 እ.ኤ.አ. አንስታይን የኒውተንን የስበት ንድፈ ሐሳብ በሌላ ሲተካ ልዩነቱ ተፈታ። አንዱ ዓይነት ምት ሁለቴ ተሰንዝሮ አንዴ መታ፣ አንዴ ሳተ፤ የትኛው እንደሚስት ደግሞ ሰማይን ሳያዩ ማወቅ አይቻልም ነበር።

ናሙና፦
አንድ ወሰን ልጨምር። ሙከራው ማዳበሪያው ቁመት ስንት እንደሚጨምር ይነግረናል። የወንዙ ውሃ ቢበከልም ይጨመር ወይስ አይጨመር የሚለውን ግን አይመልስም። ብክለቱን መለካት ይቻላል፤ የትኛው ይብለጥ የሚለው የሰዎች ምክክር ነው። ስለዚህ «ሳይንስ እንዲህ አድርጉ ይላል» ሲባል፣ «ይላል» የሚለውን ግስ ማን እንደተናገረው መጠየቅ ያስፈልጋል።