የባህል መድኃኒት አዋቂዎች ቅጠሉን ለምንድን ነው የሚደብቁት?

ፋርማሲ ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ በባህል መድኃኒት ላይ ነው። አዋቂዎቹ በደንብ ይቀበሉኛል፣ ቡና ያስጠጡኛል፣ «ቅጠሉ የትኛው ነው?» ስል ግን ወሬው ይቀየራል። ቢያሳዩኝም ደርቆ ተወቅጦ ከሌላ ጋር የተቀላቀለ ዱቄት ነው። ሰውየው ሲሞት እኮ አብሮት ይቀበራል! ለምንድን ነው እንዲህ የሚሰስቱት?

የባላገር ልጅ፦
ስስት አትበለው። እኛ ጋ መድኃኒት ከአባት ለአንድ ልጅ ነው የሚተላለፈው፣ ብዙ ጊዜ ለበኩሩ፣ ካልሆነም ምስጢር ይጠብቃል ለተባለው። ለሁሉ ከተነገረ ኃይሉ ይጠፋል ብለው ከልባቸው ያምናሉ። ደግሞ ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ እየተባሉ ሲሰደቡ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ደብተር ይዘህ ስትመጣ በምን ይመኑህ?

ሀገሬ፦
እኔ አልፈርድባቸውም። እንዶድን ተመልከቱ። እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ልብስ ያጥቡበታል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩና የቢልሃርዚያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም አሳወቁ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የውኃ ቧንቧ የሚደፍኑ ዛጎሎችን በእንዶድ ለመግደል ፓተንት አወጣበት። የጤፍ ዱቄት ላይም የኔዘርላንድ ኩባንያ ፓተንት ይዞ ነበር፣ የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። እኛ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለን፣ የማኅበረሰብ እውቀትን ይጠብቃል፣ ግን ጫካ ገብቶ ሥር የሚቆፍር ሽማግሌ ጋ ማን አደረሰው?

ነርሷ፦
የምትሉት ሁሉ ገብቶኛል፣ ግን እኔ ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። ታማሚው ምን እንደጠጣ ቤተሰቡ አያውቅም፣ የሰጠውም ሰው አይናገርም፣ እኛ በግምት እንሯሯጣለን። ኮሶ እንኳን መጠኑ ካለፈ ይመርዛል። አንዳንዶቹ የሚደብቁት ሰው በራሱ ቀጥቅጦ ጠጥቶ እንዳይሞት እንደሆነ አውቃለሁ፣ እሱ ልክ ነው። ለሐኪም ግን መደበቅ የለበትም። በጣም ነው የሚያመኝ።

ፋርማሲ ተማሪ፦
እሺ፣ ከቅጠሉ ስም ልጀምር አልነበረብኝም ማለት ነው። የባላገር ልጅ፣ የስምምነት ወረቀት ይዤ ብሄድስ?

የባላገር ልጅ፦
ወረቀቱን መጀመሪያ አታውጣ፣ ግብር ነው የሚመስላቸው። የሚያከብሩትን ሽማግሌ ወይም ቄስ ይዘህ ሂድ። ስትጨርስም የጻፍከውን ወስደህ አንብብላቸው፣ ጽፎ የሄደ ሁሉ እዚያው ቀርቷልና።